«ገና ነው» ሲባል የቱ ገና? ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች የአማርኛን ድምፆች በጆሮ የማስለየት ዝርዝር መመሪያ

ሲያትል ወይም ስቶክሆልም የምታድግ የ9 ዓመት ልጅ ፊደል ቆጥራ ጨርሳ «ገና ነው» የሚለውን ያለ ስህተት ልታነበው ትችላለች። በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም? ጽሑፉ አይነግራትም። አገር ቤት ያደገ ሰው ግን ሲነገር ሲሰማ ለአፍታም አይጠራጠርም። ልዩነቱ ያለው «ና» ላይ ነው፤ ምላስ ን ላይ ምን ያህል ቆየች? ላልቶ ከሆነ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው፤ ጠብቆ ከሆነ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚከበረው ነው።

ሰሚ ንግግርን የሚለየው በእንዲህ ዓይነት ጥቃቅን ፍንጮች ነው፤ ሁሉንም ፍንጭ ግን እኩል አይመዝንም። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ ካናዳ ውስጥ ሠርተው በ1984 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የጥናቶቹ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ ከ6 እስከ 8 ወር ያሉ ሕፃናት የሕንድኛና የአንድ የካናዳ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ድምፆችን ይለዩ ነበር። ከ10 እስከ 12 ወር ያሉት ግን ይህን ችሎታ በአብዛኛው አጥተውታል። ከካናዳው ቋንቋ የተወሰዱት ሁለቱ ድምፆች እንደኛ ቀ ከጉሮሮ ተዘግተው የሚፈነዱ ነበሩ። ጆሮ ደነቆረ ማለት አይደለም። በዙሪያው የማይጠቅመውን ፍንጭ መመዘን ተወ ማለት ነው። ስለዚህ የሚከተለው ሥራ ሁሉ አንድ ዓላማ አለው፤ ልጁ የተወውን ፍንጭ መልሶ እንዲመዝን ማድረግ። ሌላው ሁሉ፣ ማለትም ቃል መሸምደድም ሆነ ማንበብ፣ ከዚያ ይከተላል።

መመሪያው ከ7 ዓመት በላይ ላሉ ልጆችና አማርኛን ዘግይተው ለሚማሩ አዋቂዎች የተዘጋጀ ነው። በቀን 12 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ5 ሳምንት ያህል ይወስዳል። የሚያስፈልጉት ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ፣ አንኪ የሚባለው ኮምፒውተር ላይ ነፃ የሆነ የካርድ መተግበሪያ እና አማርኛ አፍ የፈቱበት 5 ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ፦ የልጁ ሌላው ቋንቋ ምን አስለምዶታል?

ሁሉም ልጅ እኩል አይቸገርም። ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ካላያችሁ ልጁ በሚያውቀው ላይ ጊዜ ታጠፋላችሁ።

እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ውስጥ ማጥበቅና ማላላትን ትርጉም ለመለየት አይጠቀምበትም። ስለዚህ አሜሪካና እንግሊዝ ያደገ ልጅ የን ርዝመት ሲለወጥ የተናጋሪው ስሜት ወይም ፍጥነት እንጂ ሌላ ቃል አይመስለውም። ዘመናዊ ዕብራይስጥ የጥንቱን ጥብቀትም፣ የጠ እና የቀ ዘመድ የነበሩትን ድምፆች ልዩ አነባበብም ስለጣለ፣ እስራኤል የሚያድግ ልጅ በሁለቱም በኩል ይቸገራል። ዓረብኛ የሚሰማ ልጅ ግን ሸዳ (የዓረብኛውን ጥብቀት) ስለሚያውቅ ጥብቀትን ቶሎ ይይዛል፤ የሚፈትነው ሌላኛው፣ ማለትም እንደ ቀ እና ጠ የሚፈነዱት ድምፆች ናቸው። የዓረብኛው ጣ የምላስን ሥር ወደ ኋላ በመሳብ ይወፍራል እንጂ እንደኛ ጠ አይፈነዳም፤ ቃፍ የሚባለው የዓረብኛ ፊደልም በባሕረ ሰላጤው ንግግር ብዙ ጊዜ ገ ሆኖ ይወጣል። ጣሊያን ያደገ ልጅ ጥብቀት ከቤቱ ውጭም ይሰማል፤ ቀጥታ ወደሚፈነዱት ድምፆች እለፉ።

ራሱ ባይናገርም ከጨቅላነቱ ጀምሮ አማርኛ ሲነገር ይሰማ የነበረ ልጅ ተስፋው ሰፊ ነው። ቴሪ አው እና ባልደረቦቿ በ2002 ስፓኒሽን በልጅነታቸው ከጎን ሆነው ሲሰሙ ብቻ ያደጉ ተማሪዎችን አጥንተው ነበር፤ እነዚህ ተማሪዎች ጭራሽ ሰምተው ከማያውቁት ይልቅ የድምፅ አወጣጣቸው ለአፍ ፈቺዎቹ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል።

ቃላቱን መምረጥ

ለልምምዱ የምትፈልጉት በአንድ ፍንጭ ብቻ የሚለያዩ ጥንዶችን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ (፟) እናደርጋለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አድርገው ነበር፤ ልማዱ አለመስፋፋቱ ለተማሪዎች ጉዳት ነው።

ለጥብቀት እነዚህ ይሆናሉ፦

ገና (ጊዜው ያልደረሰ) – ገና፟ (በዓሉ)
ዋና (መዋኘት) – ዋና፟ (አለቃ፣ ቁልፍ)
አለ (ተናገረ) – አለ፟ (ይገኛል)
መላ (ዘዴ) – መላ፟ (ሁሉም፣ «መላ አገሪቱ»)
ሰፊ (ልብስ የሚሰፋ) – ሰፊ፟ (ያልጠበበ)
አያት (የእናት እናት) – አያ፟ት (ተመለከታት)
ለጋ (ያልጠነከረ) – ለጋ፟ (ኳሷን መታ)
በሬ (የሚያርሰው) – በሬ፟ (የእኔ በር)
ይሰማል (እሱ ያዳምጣል) – ይሰ፟ማ፟ል (ድምፁ ይደርሳል)
ይመታል (እሱ ሌላውን) – ይመ፟ታ፟ል (ሌላው እሱን)

ቅደም ተከተላቸው ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። ን፣ ል፣ ም፣ ስ ሲረዝሙ ድምፃቸው ራሱ ይሰማል፤ ለጀማሪ ጆሮ ይቀላሉ። ተ፣ በ፣ ከ፣ ገ ሲጠብቁ ግን የሚረዝመው አፍ የተዘጋበት ጊዜ ነው፤ ጀማሪ ምንም የሰማ አይመስለውም። ር ደግሞ ሲላላ ምላስ አንዴ መታ አድርጋ ትመለሳለች፤ ሲጠብቅ ትርገበገባለች። ስለዚህ በሬ እና በሬ፟ ከርዝመት ሌላ ተጨማሪ ፍንጭ አላቸው፤ ልጁ እነሱን ለየ ማለት ርዝመትን ለየ ማለት አይደለም። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ግሦች በተገብሮ ሁለት ቦታ ስለሚጠብቁ የሚቀልሉ ይመስላሉ፤ በፈጣን ንግግር ግን ልጅ ያደናግራሉ። ለአራተኛው ሳምንት አቆዩአቸው። ሀ እና አ በአማርኛ ስለማይጠብቁ፣ የቃል መነሻም ስለማይጠብቅ፣ እዚያ ጥንድ አትፈልጉ።

የሚያታልሉ ጥንዶች አሉ። ተራ እና ጠራ በአንደኛው ፊደል ብቻ የሚለዩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ር ይላላል፣ የሁለተኛው ይጠብቃል። ልጁ ተ እና ጠን ሳይለይ በር ብቻ መልሱን ያገኛል፤ እናንተም ያወቀ ይመስላችኋል። ሽፍታ (ወንበዴው) እና ሽፍ፟ታ (ቆዳ ላይ የሚወጣው) ደግሞ የቀለም (በአንድ አናባቢ የሚባል የቃል ክፍል) ቁጥራቸው ይለያያል፤ ሁለተኛው ከፍ ጥብቀት በኋላ አጭር አናባቢ ያስገባል። ሁለቱም ጥሩ ቃላት ናቸው፤ ለልምምዱ ግን አይሆኑም።

ለሚፈነዱት ድምፆች፦ ከበሮ – ቀበሮ፣ ኮዳ – ቆዳ፣ ኩስ – ቁስ፣ ትል – ጥል፣ ማተብ – ማጠብ፣ ልክ – ልቅ። የመጨረሻው ድምፁ ቃል መድረሻ ላይ ሲመጣ የሚሰማበት በመሆኑ ከሁሉም ይከብዳል። ጸን ለብቻው አታስለምዱ፤ ጠጉርና ፀጉር ሁለቱም ሕያው ሆነው በሚነገሩበት ቋንቋ ልጁን «ተሳሳትክ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ጰም ከጳጳስና ከጴጥሮስ ዓይነት ጥቂት ቃላት ውጭ እምብዛም ስለማይገጥም ይለፍ።

መቅረጽ

አንድ ሰው ብቻ አትቅረጹ። በዚህ ሥራ ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እናት ትቀርጻለች፣ ልጁ በሁለት ሳምንት 100 ከ100 ያመጣል፣ አክስቱ ስትደውል ግን ምንም አይለይም። የተማረው የእናቱን ድምፅ ነበር። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሎጋን፣ ላይቭሊና ፒሶኒ በ1991 ጃፓናውያንን የእንግሊዝኛውን ር እና ል ሲያሠለጥኑ ያመጡት ቁልፍ ለውጥ የብዙ ሰው ድምፅና ብዙ ዓይነት ቃል መጠቀም ነበር። ድምፁ ሲለዋወጥ የማይለዋወጠው ፍንጭ ብቻ ነው፤ ጆሮም እሱን ለመያዝ ይገደዳል።

ስለዚህ ቢያንስ 2 ሴትና 2 ወንድ፣ ከተቻለም አንዱ ጎጃም ወይም ጎንደር ያደገ ይሁን። አምስተኛ ሰው አስቀርጹና ፋይሉን ለፈተና ደብቁት። ሰዎቹ ቃሉን ለብቻው ብቻ አይበሉ፤ «አሁን … በል» በሚል ክፈፍ ውስጥ አስገብተው ሦስት ሦስት ጊዜ ይበሉት። ለብቻው የሚነገር ቃል ይጎተታል። ርዝመት ደግሞ የሚመዘነው ከአካባቢው ፍጥነት ጋር ነው። 10 ጥንድ ማለት 20 ቃል ነው፤ በ4 ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ ሲባል 240 ቅጂ ይሆናል።

ስልኩ ከአፍ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ በትንሹ ወደ ጎን ይቀመጥ፤ ፊት ለፊት ከሆነ የከ እና የተ ትንፋሽ ማይክሮፎኑን ይመታዋል። ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል ምረጡ። የስልክ ጥሪና የድምፅ መልእክት መተግበሪያዎች ጫጫታ ለማጥፋት ሲሉ ዝግ ያለውን ድምፅ ሊቆርጡት ይችላሉ። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ያንኑ ነው፤ ዘመዶቻችሁ በስልኩ መቅጃ ቀርጸው ፋይሉን ይላኩ። ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር አትጠቀሙ። ከጽሑፉ ላይ ጥብቀቱን ስለማያገኘው ገናን በየትኛው እንደሚያነበው ዋስትና የለም። ቀራጮቹም ቃሉን ከወረቀት ብቻ ካነበቡ ይደናገራሉና ትርጉሙን ከጎኑ ጻፉላቸው።

የርዝመት መሰላል መሥራት

ከልምምዱ በፊት ልጁ የት እንዳለ የሚያሳይ አንድ መለኪያ እንሥራ። ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ይህን የማያደርግ ሰው ግን በጨለማ ነው የሚሠራው።

1. ላልቶ የተነገረውን ዋና በኦዳሲቲ ክፈቱና አጉሉት። ሁለት ጉልህ አናባቢዎች መካከል ዝቅ ያለ ግን ያልተቋረጠ ሞገድ ይታያል፤ ን ማለት እሱ ነው።

2. ከን መሃል 25 ሚሊ ሰከንድ ምረጡ። ከዚያ ዜድ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫኑ፤ ምርጫውን ሞገዱ ዜሮን ወደሚያቋርጥበት ነጥብ ያስተካክለዋል። ይህን ካልጫናችሁ የተለጠፈበት ቦታ «ጠቅ» ይላል፤ ልጁም ርዝመቱን ትቶ ጠቅታውን ያዳምጣል።

3. ቅዱ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ጊዜ ጠቋሚውን ከምርጫው መጨረሻ ላይ አድርጋችሁ ለጥፉ (ምርጫው እንዳለ ከለጠፋችሁ ይተካዋል እንጂ አያረዝመውም)። አንዴ ስትለጥፉ ን በ25፣ ሁለቴ በ50፣ ሦስቴ በ75፣ አራቴ በ100 ሚሊ ሰከንድ ይረዝማል። ካልተነካው ጋር 5 ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ድምፁ የሮቦት ከመሰለ ከን ሌላ ቦታ ምረጡ።

4. አምስቱን እያደባለቃችሁ እያንዳንዱን 4 ጊዜ አሰሙ። ልጁ የመዋኛ ሥዕል ወይም የአለቃ ሥዕል ይጠቁም። ስንቱን «አለቃ» እንዳለ መዝግቡ።

አገር ቤት ያደገ ሰው የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ከሞላ ጎደል በሙሉ «መዋኘት»፣ የመጨረሻዎቹን «አለቃ» ይላል፤ መሃል ላይ በድንገት ይገለበጣል። ርዝመቱ ቀስ በቀስ ቢጨምርም የሚሰማው ቃል ግን ሁለት ብቻ ነው። ያልለመደ ጆሮ እንዲህ አይገለበጥም፤ ከላይ እስከ ታች ሁለት ከአራት፣ ሁለት ከአራት እያለ ይሄዳል፣ ወይም ሁሉንም አንድ ይለዋል። ወረቀቱን አስቀምጡት፤ ከ5 ሳምንት በኋላ በዚያው ፋይል ትደግሙታላችሁ። ባልተጣደፈ ንግግር የሚጠብቀው ድምፅ ከሚላላው እጥፍ አካባቢ ይረዝማል፤ የራሳችሁን መለካት ከፈለጋችሁ ከአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ቦርስማና ዊኒንክ የሠሩት ፕራት የሚባል ነፃ ፕሮግራም በሚሊ ሰከንድ ያሳያችኋል።

ለይመታል ተመሳሳይ መሰላል መሥራት ከፈለጋችሁ የምትጨምሩት ዝምታ ነው። ቦታውን ግን ተጠንቀቁ። ዝምታው የሚገባው ምላስ ተለቃ ተ ከምትፈነዳበት ቅጽበት በፊት ነው። ከፍንዳታው በኋላ ካስገባችሁት የፈጠራችሁት የጥብቀት ፍንጭ አይደለም፤ የጠን ፍንጭ እየነካካችሁ ነው። ከፍንዳታው በፊት ያለው ዝምታ «ጠበቀ ወይስ ላላ?» ለሚለው ይመልሳል፤ ከፍንዳታው በኋላ ያለው «ተ ነው ጠ?» ለሚለው። ብዙ ልጆች ሁለቱን ጥያቄ ያምታታሉ፣ አስተማሪዎችም እንዲሁ፤ «ጠበቅ አድርገህ በለው» የሚለው ትእዛዝ ለሁለቱም ስለሚሰጥ ነው። ለልጁ በሁለት የተለያዩ ቃላት ንገሩት፤ ለአንዱ «ቆይበት»፣ ለሌላው «አፈንዳው»።

ዕለታዊው ልምምድ

በአንድ ቀን 40 ቅጂ፤ 20 ላልቶ፣ 20 ጠብቆ፣ ተደባልቀው። ልጁ ይሰማል፣ ከሁለት ሥዕል አንዱን ይጠቁማል፣ ወዲያው ትክክል ወይም ስህተት መሆኑ ይነገረዋል። ከተሳሳተ ያንኑ ቅጂ፣ ቀጥሎም የጥንዱን ሌላውን አሰሙት፤ ማብራሪያ ግን አትስጡ። ፊደሉን በፍጹም አታሳዩት፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሚጻፉ ፊደሉ ከማምታታት በቀር የሚጨምረው የለም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ልጁ ትርጉማቸውን በሚያውቃቸው ሁለት ጥንድና በሁለት ሰው ድምፅ ብቻ ጀምሩ። መ ወይም በ የሚጠብቅባቸው ቃላት (እንደ ይሰ፟ማ፟ል ያሉት) ተራ ሲደርስ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ በአፋችሁ አሰሟቸው፤ ከንፈር የተዘጋበት ጊዜ ሲረዝም በዓይን ይታያል። ማክገርክና ማክዶናልድ በ1976 እንዳሳዩት ዓይን የሚያየው የከንፈር እንቅስቃሴ ጆሮ የሚሰማውን ድምፅ እስከ መለወጥ ይደርሳል። ይህ እርዳታ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ግን አፋችሁን በወረቀት ሸፍኑት። አለበለዚያ ልጁ የሚያነበው ከንፈር ይሆንና ስልክ ላይ ይጠፋበታል።

ቃሉን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ መፈተንም ሌላው ወጥመድ ነው። «ገና በዓል ደረሰ» ብትሉት ልጁ ን ስንት እንደቆየ ሳያስተውል መልሱን ያውቃል። ሪቻርድ ዋረን በ1970 ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ አንድ ድምፅ ቆርጦ በሳል ተክቶ ሲያሰማ፣ ሰሚዎቹ ድምፁ እንደጎደለ አላስተዋሉም ነበር፤ አእምሮ ከአገባቡ ተነስቶ ሞልቶታል። ለመግባባት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ለሥልጠና ግን ጆሮን ሥራ ያስፈታል። «አሁን … በል» የሚለው ክፈፍ ምንም ስለማይጠቁም ለዚህ ይሻላል።

ውጤቱን ስትመዘግቡ ድምሩን ብቻ አትጻፉ። በጭፍን ግምት ከ40 ወደ 20 ይመጣል፤ እስከ 25 ያለውን ከግምት ብዙም አትለዩት። አንድ ልጅ 27 አመጣ እንበል። ከላሉት 20 ውስጥ 18፣ ከጠበቁት 20 ውስጥ 9 ከሆነ ሁሉንም «ላላ» እያለ ነው የሚያልፈው፤ የሰማው ጥቂት ነው። ለዚህ ልጅ ለሁለት ቀን በጣም የተጎተተ ጥብቀት (ከመሰላሉ 100 ሚሊ ሰከንድ የተጨመረበትን) ስጡትና በየቀኑ ወደ ተራው ርዝመት አውርዱት። 14 እና 13 ከሆነ ግን በሁለቱም በኩል በከፊል እየሰማ ነው፤ ያንኑ ልምምድ መቀጠል ብቻ ነው። በተከታታይ ሁለት ቀን 34 እና ከዚያ በላይ ሲያመጣ ሁለት አዲስ ጥንድና አንድ አዲስ ድምፅ ጨምሩ። ውጤቱ ይወርዳል፤ መውረዱ መልካም ምልክት ነው።

ልጆች አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ መገመት ይጀምራሉ። ከ12 ደቂቃ አትለፉ። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ማሠራት የሳምንቱን አምስት ቀን አይተካም።

ስለ መዝሙርና ዘፈን አንድ ነገር፦ ለቃላትና ለፍቅር ምትክ የላቸውም። ለጥብቀት ግን ደካማ መምህር ናቸው፤ ርዝመቱን የሚወስነው ዜማው ነውና።

የሚፈነዱት፦ ቀ፣ ጠ፣ ጨ

ካትሪን ቤስትና ባልደረቦቿ በ2001 ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የዙሉን ሁለት ከ መሰል ድምፆች፣ አንዱን በትንፋሽ ሌላውን እንደኛ ቀ የሚፈነዳ፣ አሰምተዋቸው ነበር። ሰሚዎቹ ይለዩዋቸዋል፤ ግን አንዱን እንደ ጥሩ ከ፣ ሌላውን እንደ ወጣ ያለ ከ ነው የሚሰሙት። አሜሪካ ያደገ ልጅም ቀበሮን ሲሰማ የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ልዩነቱ ይሰማዋል፤ ሌላ ድምፅ መሆኑ ግን አይታየውም። ስለዚህ እዚህ ልምምዱ አጭር ነው፤ አንድ ሳምንት ተኩል ይበቃል። ጥያቄውም አንድ ነው፤ «ከፍንዳታው በኋላ ነፋስ አለ ወይስ ዝምታ?» ከ ላይ ትንፋሽ ይከተላል። ቀ ላይ ፍንዳታው ሹል ነው፣ ከዚያ ቅንጣት ዝምታ፣ ከዚያ አናባቢው።

ለአፍ ደግሞ እንዲህ ይሠራል። ልጁ ውኃ ውስጥ እንደሚጠልቅ ሰው ትንፋሹን ይያዝ። እንደያዘ፣ ምንም አየር ከሳንባ ሳያወጣ፣ ክ ለማለት ይሞክር። ጉሮሮ ተዘግቶ የሚወጣው ጠቅ የሚል ድምፅ ቅ ነው። አሥር ጊዜ ያህል ይህን ብቻ ያድርግ፤ ከዚያ አ ይጨምርበት፣ ቃ። ለስላሳ ወረቀት ከከንፈሩ 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይያዝ፤ ካ ሲል ይወዛወዛል፣ ቃ ሲል እምብዛም አይነቃነቅም። የሚበዛው ስህተት በፍንዳታውና በአናባቢው መካከል ብዙ መቆየት ነው፤ «ቅ - አ» ሆኖ ለሁለት ይቆረጣል። ይህ በፍጥነት ይስተካከላል፤ «ቀበሮ»ን በእግር እየተራመደ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቀለም እንዲል አድርጉት። ሌላው ስህተት ቀን ወደ ገ መለወጥ ነው። ጣቱን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ንዝረቱ መቼ እንደሚጀምር ይዳስስ፤ ገ ላይ ንዝረቱ ቀድሞ ይገኛል።

ጆሮ ሲሠለጥን አፍም በከፊል ይከተላል። አን ብራድሎውና ባልደረቦቿ በ1997 እነዚያኑ የጃፓን ሰልጣኞች ዓይነት ሰዎች ሲያጠኑ፣ በመስማት ብቻ ሠልጥነው አነጋገራቸውም ተሻሽሎ አግኝተውታል። ስለዚህ ልጁ እየሰማ ነገር ግን ገና ጥሩ አድርጎ ባይለው አትጨነቁ፤ እርማት አታብዙበት።

ቃሉ እንዳይረሳ

የለየውን ቃል ለማስታወስ የሚያስፈልገው እንደገና ፍንጭ ነው። ቱልቪንግና ቶምሰን በ1973 እንዳመለከቱት አንድ ፍንጭ ነገሩን የሚያስታውሰን ስንማረው አብሮ የተቀመጠ ከሆነ ነው። በፊደል ካርድ የተማረ ልጅ ቃሉን ከፊደሉ ጋር አስሮታል። ንግግር ውስጥ ግን ፊደል የለም፤ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ «አለ» የሚል ካርድ ሁለት ቃል ስለሚሸከም ፍንጭነቱ ይዳከማል፤ አንድ ፍንጭ የታሰሩበት ነገሮች በበዙ ቁጥር ማንኛቸውንም መጥራት ያቅተዋል።

አንኪ ላይ ካርዱን እንዲህ ሥሩ። ፊት ለፊቱ ላይ ቅጂው ብቻ፤ ፊደልም ሥዕልም አይኑር። ጀርባው ላይ ሥዕል፣ የአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ቅጂ፣ ከታች ደግሞ ነጥብ የተደረገበት ፊደል። ለእያንዳንዱ ቃል ከተለያየ ሰው ሁለት ካርድ ይኑረው። የእንግሊዝኛም ሆነ የዕብራይስጥ ትርጉም አታስገቡ፤ ሥዕል የማይገኝለት ቃል ከሆነ (መላ እና መላ፟ ዓይነት) ዓረፍተ ነገሩ ይበቃል። የጥንዱን ሁለት ቃላት ትርጉም በአንድ ቀን አታስተዋውቁ። ዋናን ሰኞ ካስተማራችሁ ዋና፟ ቢያንስ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ፤ አብረው ከመጡ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጋጭበታል። ማነጻጸሩ ሁለቱንም ካወቀ በኋላ ነው።

ካርዱ ሲከፈት ጀርባውን ከማሳየታችሁ በፊት 5 ሰከንድ ዝም በሉ። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ደግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲበልጡ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በልጠዋቸዋል። ልጁ «አሳየኝ» ሲላችሁ የሚለምነው የመጀመሪያውን ዓይነት ውጤት ነው። አንኪ ክፍተቱን ራሱ ያሰላል። ወረቀት የምትጠቀሙ ከሆነ በ1፣ በ3፣ በ7፣ በ16፣ በ35 ቀን ይደገም፤ የተሳሳተው ወደ 1 ይመለስ። በቀን ከ4 አዲስ ካርድ በላይ አትጨምሩ፤ ሲቆለሉ ልጁ መተግበሪያውን መክፈት ያቆማል።

«ቃሉን የተማረበት ክፍል ውስጥ ካልተቀመጠ አያስታውስም» የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። መነሻው ጎደንና ባድሊ በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ ጠላቂዎችን ውኃ ውስጥና የብስ ላይ የፈተኑበት ታዋቂ ጥናት ነው። በ2021 የታተመ ድጋሚ ሙከራ ግን ያንን ውጤት አላገኘም። ስለ ክፍሉ አትጨነቁ፤ የሚያሳስበው ካርዱ ላይ ያለው ፍንጭ ነው።

የመጨረሻው ፈተና

በ5ኛው ሳምንት መጨረሻ ሦስት ነገር አድርጉ። የዋና መሰላሉን በዚያው ፋይል ደግሙ፤ መገልበጫው ታየ? ቀጥሎ የደበቃችሁትን የአምስተኛውን ሰው ድምፅ፣ ልጁ ሰምቶት በማያውቀው ጥንድ (ለምሳሌ ለጋ እና ለጋ፟ን ከሥልጠናው አውጥታችሁ ካቆያችኋቸው በእነሱ) 40 ጊዜ አሰሙ፤ እዚህ መልሱን አትንገሩት። 30 እና ከዚያ በላይ ካመጣ የያዘው ፍንጩን ነው። በሥልጠናው ድምፅ 38፣ በአዲሱ 24 ካመጣ የያዘው ሰዎቹን ነው፤ ሁለት ተጨማሪ ቀራጭ ፈልጉና ሁለት ሳምንት ቀጥሉ። ሦስተኛ፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ በስልክ ደውሎ አሥር ቃላት ለልጁ ይበል፤ ልጁም የሰማውን በሚያውቀው ቋንቋ ይግለጽለት። የስልክ መስመር የትንፋሹን ጩኸት ስለሚቆርጥ ከ እና ቀ ላይ ውጤቱ ከጥብቀቱ ዝቅ ቢል የልጁ ጥፋት አይደለም።

ከዚህ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን 20 ቅጂ ይበቃል። ፊደሉን ማንበብ ሲቀጥል፣ ባነበበው ገጽ ላይ የሚጠብቁትን ፊደላት ራሱ በእርሳስ ነጥብ እያደረገ ይለፍ፤ የተጠራጠረበትን እናንተን ይጠይቅ፤ እናንተም ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ መልሱለት።